ሽኝት የሚረዝምበት በረንዳ

ከሲልቨር ስፕሪንግ በተነሳው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት ስለ ቤታቸው በረንዳ ይከራከሩ ነበር።

«ጠርዙ ላይ መደገፊያ ሬሊንግ ይሠራለት ስልህ!» አለች ሚስት። «እሁድ ስንሸኛቸው አባባ ‹በቃ ግቡ፣ ግቡ› እያሉ፣ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ሲራመዱ ጽጌረዳው ላይ ወደቁ።»

«የተጎዳው ጽጌረዳው ነው። እሳቸውማ እየሳቁ ተነሱ።»

«በሚቀጥለው ባይነሱስ?»

«ሬሊንግ ካለ እኮ ተደግፈው ያወራሉ። ያለ ሬሊንግም አንድ ሰዓት አቁመውናል!»

«አንድ ሰዓት?»

«ያውም ቻው ከተባባልን በኋላ!»

«ታዲያ ይደገፏ! ምን አስቸኮለህ?»

«እግሬን ያመኛላ።»

«አንተም ትደገፋለህ።»



«እንግዲያው ሰፋ ያለ ይሁን» አለ ባል፤ «ክርን የሚያሳርፍ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ የአውቶቡሱን ብረት ተደግፌ ወሬያቸውን እየሰማሁ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ሄድኩ።