ዶክተር ያላልነው

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ተማሪዎቹ፤ ፀሐይ ላይ ስላቆምኳችሁ ይቅር በሉኝ። አላስረዝምም። ረጅም ንግግር እሱም አይወድም ነበር።

እኔ ማን ነኝ? አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ፊት ለፊት በተገጠሙ ሁለት ጠረጴዛዎች፣ አብሬው ያረጀሁ ጓደኛው ነኝ። እሱስ ማን ነበር? የድኅረ ምረቃ ትምህርት ኃላፊያችን። እናንተ ተማሪዎች ከኋላው «አባ ደንብ» ትሉት ነበር። ያልሰማ መስሏችኋል? ሰምቷል! ደስ ብሎት ነው ዝም ያለው። ኮርሱን ያልጨረሰ ማዕረግ አያገኝም። የብቃት ፈተናውን ያላለፈ አያገኝም። ጽሑፉን መርማሪዎች ፊት ቆሞ ያልተከላከለ፣ የባለሥልጣን ልጅም ቢሆን፣ አያገኝም። ስንቱ አማላጅ ይዞ መጣ? ስንቱ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ?

እሱ ራሱ ግን ዶክተር አልነበረም። ሰው ሲያስመርቅ ፀጉሩ ሸበተ። ጡረታው ሲቃረብ አንድ ቀን «እኔም ልመዝገብ» አለኝ። «በስተርጅና?» ብዬ ሳቅኩበት። «ሞት ዕድሜ አይጠይቅም፤ ትምህርት ለምን ይጠይቃል?» አለኝ።

አቤት የመጀመሪያው ቀን! እሱን የሚያስተምረው መምህር የገዛ የቀድሞ ተማሪው ነበር። ኮርሱ ይቅርልህ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። በሩን ከፍቶ ሲገባ መምህሩ ደንግጦ ወንበሩን ሊለቅለት ብድግ። «ተቀመጥ ልጄ… ኧረ ቆይ! አንተ ቁም፣ የምቀመጠው እኔ ነኝ!» አለው። ክፍሉ አውካካ። ያ መምህር ይኸው እዚህ ቆሞ ያለቅሳል። አይዞህ ልጄ።

የብቃት ፈተናውን ደግሞ ወደቀ። ማን ጣለው? እኔ! አራሚው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ቢሮ ስገባ ፊቱን እንዴት እንደማየው ጨንቆኛል። ቀና ብሎ አየኝና «አሳልፈኸኝ ቢሆን ጠረጴዛዬን አዙሬ ጀርባዬን እሰጥህ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና «በል፣ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» አለ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይመጣል? ደግሞ ተፈተነ፤ አለፈ፤ ጮቤ ረገጥን።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። የቀረው ጽሑፉን መከላከሉ ብቻ ነበር። መርማሪዎቹ አልጋው ድረስ ሄድን። አንዱ ባልደረባችን አንጀቱ ራርቶ «ጽሑፉን ስትሠራ ምን አስደሰተህ?» አለው። ተቆጣ። «ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ለቅሶ?»

እኔ ጨከንኩ። ጽሑፉ ወንዝ ለምን መንገዱን እንደሚለቅ የሚመረምር ነው። «ደለሉ ወንዙን ገፋው ብለሃል» አልኩት። «ወንዙ ቀድሞ መንገዱን ለቆ፣ ደለሉ በኋላ ተከምሮ ቢሆንስ?» ዓይኑ በራ። ያን ዓይኑን ታውቁታላችሁ። ብዙ አሰበ። «አላውቅም» አለ። «ልሥራበት። ሌላ ቀን ኑ።»

ባለቤቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ምናለበት ቢያሳልፉህ? ለእኔ ስትል!» የዶክተር ሚስት መባል እንዴት ትመኝ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም አትደብቅም። እጇን ይዞ «ያልሠራሁትን ከወሰድኩ፣ የመለስኳቸውን ልጆች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አላት። ሌላው ቀን ሳይመጣ እሱ ሄደ።

ትናንት ዩኒቨርሲቲያችን «መከላከሉ ይቅርና ማዕረጉን እንስጠው» ብሎ ሰው ላከ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሁላችንም ዞረን ባለቤቱን አየናት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ግን አልቀበልም። በቁሙ እምቢ ያለውን፣ እምቢ ማለት ሲያቅተው አላስይዘውም።»

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዶክተር አልልህም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ናፍቆትህን ግን እንዴት አድርጌ ልዋጠው? ነገ ጠዋት ቢሮ ስገባ ፊት ለፊቴ ማን አለ?

ደህና ሁን። ተማሪ ሆነህ ኖርክ፤ ተማሪ እንደሆንክ ተኛ።