ወይዘሮ ፀዳለ ባምላኩና የቅዳሜው ፓስታ

የዘነበወርቅ ጎረቤቶቻችን፣ ከሩቅም ከቅርብም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች፤ የእህቴን የወይዘሮ ፀዳለ ባምላኩን የሕይወት ጉዞ በአጭሩ አሰማችሁ ዘንድ አደራው ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው ለታዲዮስ ተሰጥቶኛል።

ወይዘሮ ፀዳለ ከአባታቸው ከአቶ ባምላኩ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋጋነሽ ተሰማ በ1944 ዓ.ም. በጎጃም ደጀን ተወለዱ። በልጅነታቸው ኮልፌ ወደሚኖሩት አክስታቸው ዘንድ መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ የአንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት በሆነ ምግብ ቤት ተቀጥረው፣ የፉርኖ ዱቄት በእንቁላል ለውሶ፣ ሊጡን አሳርፎ፣ እስኪሳሳ ድረስ በመዳመጫ ዳምጦ በቢላ መተልተልን፣ ሱጎውንም ከትኩስ ቲማቲምና ከበሶብላ ቀስ አድርጎ ማብሰልን ተማሩ።

በ1970 ዓ.ም. የከባድ መኪና ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ተክለማርያም አየለ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ምህረትንና ኪዳንን ወለዱ። በቤታቸው የቅዳሜ ምሳ ፓስታ ነበር፤ የተተለተለው ሊጥ በየወንበሩ መደገፊያ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሰጥቶ ስለሚውል፣ ልጆቹ መቀመጫ አጥተው እየተሳሳቁ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

አቶ ተክለማርያም ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው ልጃቸው ኪዳን «ሱጎው ሳይወርድ እመጣለሁ» ብሎ ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለ ሥራው እንደወጣ ቀረ። በየሆስፒታሉ፣ በየፖሊስ ጣቢያውና በየጠበሉ ተፈለገ፤ አየሁት የሚል ግን አልተገኘም።

ዓመት ሲሞላው ዘመድ ተሰብስቦ ድንኳን ተጥሎ ይለቀስለት ቢል፣ ወይዘሮ ፀዳለ በራፉ ላይ ቆመው «ማንን ቀብራችሁ ነው የምታለቅሱት?» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የኪዳን ሳህን ከነሹካው ይቀርባል፤ ማንም አይነካውም፤ ሱጎው ቀዝቅዞ ዘይቱ እስኪረጋ ድረስም አይነሳም። ሽታው ወደ ግቢው ሲወጣ የጎረቤት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። በመንገድም ላይ ከኋላው ኪዳንን የሚመስል ሰው ባዩ ቁጥር ከታክሲ ወርደው ይከተሉት፣ ፊቱን ሲያዞር «ይቅርታ አባቴ» ብለው ይመለሱ ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለኪዳን ሲሉ ይጨምሩት የነበረው ሚጥሚጣ ከሱጎው እንደጠፋ አስተውዬ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ኪዳን እኮ አርባ አለፈው፤ ጨጓራውን እንዳያመው» አሉኝ። እኛ ሁላችን ኪዳንን በሄደበት ዕድሜ ስናስበው፣ እርሳቸው ዘንድ ለካ ከዓመት ዓመት እያደገ፣ እየጎለመሰ ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ገበታ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ከበሩ አልተነቀለም።

የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ የምታቦካው ምህረት ነበረች፤ እርሳቸው ሊጡን በጣታቸው ነካ አድርገው «ትንሽ እሺው» ወይም «ይብቃው» ይሏት ነበር። ሊያርፉ ሲቃረቡ እኔን አስጠርተው «ዜና ሕይወቴን የምታነበው አንተ ነህ። ኪዳንን ከተውኳቸው መሐል ቁጠረው፤ ነፍሱን ይማር እንዳትል» ብለው እጄን ይዘው አስማሉኝ። ባለፈው ሐሙስ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ወይዘሮ ፀዳለ ልጃቸውን ምህረት ተክለማርያምን፣ አማቻቸውን አቶ በዛብህን፣ የልጅ ልጃቸውን መሲን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ ልጃቸውንም ኪዳን ተክለማርያምን ትተው ሄደዋል። ከመካከላችሁ የትም ይሁን የት ኪዳንን የሚያገኘው ቢኖር፣ እናቱ ማረፋቸውን ይንገርልን።

ቸሩ አምላክ የእህቴን የወይዘሮ ፀዳለን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን። ለኪዳን ግን እናቱ ስላስማሉኝ፣ በዚህ አቆማለሁ።