አንጎላ ያለው የኣረፋይነ ልጅ

አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ ከሓወልቲ ወደ ዓይደር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የኋላው ወንበር በሙሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የሚያስቁት ኣቦይ ኣረፋይነ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ፣ አማርኛውንም ውሸቱንም እዚያው የለመዱ ሽማግሌ። ወሬው አንጎላ ስላለው ልጃቸው ስለ ጎደፋ ነው። የአልማዝ ጉድጓድ አለቃ ሆኗል፤ ጠዋት ጠዋት ዝሆን በሩ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቀዋል፤ የአገሩን ሽንኩርት ደግሞ ሁለት ሰው በመጋዝ ካልሰነጠቀው ድስት አይገባም።

መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲዘል ከጭናቸው ፌስታል ወደቀ፤ አዲስ ሰንሰለትና አንድ ጥቅል የቁስል ፋሻ ተዘረገፈ።

«ለውሻ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዕቃውን ለቅሞ የሰጣቸው ከጎናቸው የተቀመጠ ወጣት ነበር። ባዘዘው ይባላል፤ ከጎጃም መጥቶ በብሔራዊው የአእምሮ ጤናና የነርቭ ሳይንስ ማሠልጠኛ ተቋም ይማራል። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ «አባቴ፣ ለውሻ ሰንሰለት የሚገዛ ብዙ አይቻለሁ። ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው ፋሻ የሚገዛለት ግን አላየሁም» አላቸው በለሆሳስ።

ሽማግሌው ሰፈራቸው ሳይደርሱ ወራጅ አለ ብለው ወረዱ። ወጣቱም ተከትሎ ወረደ። መቼም ውሸት ፍሬኑ የተበጠሰ ተሳቢ ነው፤ ቁልቁለቱን ይዞ እስኪጋጭ ድረስ ነጂው እያፏጨ ይሄዳል። ኣቦይ ኣረፋይነ የተጋጩት ከዚህ ልጅ ጋር ነው። ጥላ ፈልገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ነገሩት። ጎደፋ በዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንቅልፍ አጣ፤ ከሌለ ሰው ጋር ያወራ ጀመር፤ አንድ ቀን መንገደኛ በድንጋይ ሊፈነክት ሲል ሰውየው ለጥቂት ዳነ። የዚያን ዕለት ጓዳ ገባ። ለጎረቤት አንጎላ ሄደ ተባለ። ይኸው ሦስት ዓመት።

«ሐኪም አላየውም?» አለ ባዘዘው።

«አይቶታል፣ ወደይ፣ ልጄ። ክኒን ሰጡት። ጠበል ልናስገባው ስንል ሁለቱ አይስማሙም ተባለና ክኒኑን ጣልነው።»

«ጠበሉን ማን ይተዉ አለዎት? እኔም ስታመም እጠመቃለሁ። ግን የስኳር ሕመምተኛ ጠበል ገባሁ ብሎ መርፌውን ቢጥል ምን ይሉታል?»

«እሱ ደም ነው። ይሄ መንፈስ ነው።»

«መንፈሱን ለካህኑ ይተዉለት። እንቅልፍ ያጣው አንጎል ግን የሥጋ ክፍል ነው፤ እንደ ጉበት ይታመማል፣ እንደ ጉበት ይታከማል።»

ኣቦይ ኣረፋይነ ስለ ተቋሙ የሰሙትን አስረዝመው መለሱለት። እዚያ የሰው ጭንቅላት እንደ ድስት ይከፈታል፤ አንጎሉ ተመዝኖ ሲመለስ ይሳሳታል፤ አንድ የእንደርታ ገበሬ የመምህር አንጎል ደርሶት በሬዎቹን ፊደል ያስቆጥራል። ባዘዘው ሳይወድ ሳቀ።

«ስድስት ወር ተማርሁ፣ አንድም ጭንቅላት አልከፈትሁም። የመጀመሪያውን ወር ያስተማሩን ከታመመ ሰው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እሱም ከበደኝ።»

ሽማግሌው ፋሻውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ ነገሩ ቢታወቅ እብድ ያለበት ቤት ተብሎ መታማት እንዳለ፣ ዘመድ እንደሚሸሽ፣ ሁሉንም ዘረዘሩ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ያልኸው ሁሉ እውነት ይሁን። ከአንጎላ እንዴት አድርጌ ነው የማወጣው?» አሉ።

ባዘዘው መጀመሪያ ልየው አላቸው፤ ተያይዘውም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጓዳው መስኮት የለውም። ባዘዘው ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ስሙን ተናገረ፣ ከዚያ ዝም አለ። አባትየው ከበሩ ውጭ ቆመዋል። ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ሲያወሩት የማይመልሰው ጎደፋ በቀስታ ተናገረ።

«ለኣቦይ ንገርልኝ። አንጎላ ሰልችቶኛል። ዝሆኑም ይቅር። ልመለስ።»

የጓዳው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ከማዶው የጎረቤት መቀመጫ ድንጋይ አለ። ኣቦይ ኣረፋይነ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ያሳቁት እዚያ ተቀምጠው ነው። ልጁ ሁሉንም ሰምቷል። ሽማግሌው በሩን ደገፍ ብለው ቁጭ አሉ፤ ክርክሩም እዚያው አለቀ።

አመሻሹ ላይ ሰው ሳያይ ልውሰደው ብለው ነበር። ባዘዘው ግን ተመርምሮ የሚመዘገበው በቀን መሆኑን ነገራቸው፤ ደግሞ ተደብቆ ከወጣ አሁንም ጓዳ ውስጥ ነው አላቸው። በማግስቱ ጠዋት ጫማ ሰፊው ገዛኢ ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆሙ።

«ጎደፋ አንጎላ አልሄደም። ታሞብኝ ጓዳ አስሬው ነው» አሉ።

ገዛኢ መዶሻውን አስቀመጠ። «ይቺስ ከዝሆኑም በለጠች!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማሉ፤ ይበልጥ ተሳቀ፤ ለሽንኩርቱም ምለው ነበርና። በዕድሜያቸው አንድ እውነት ይዘው ቢመጡ የሚቀበላቸው ጠፋ። ስለዚህ ቤታቸው ገብተው ልጃቸውን በእጁ ይዘው ወጡ። ጢሙ ደረቱ ደርሷል፤ ፀሐዩን በመዳፉ ይከልላል፤ እግሩ ባዶ ነው። ሳቁ ከአፋቸው ላይ ቀረ። ገዛኢ የራሱን ነጠላ ጫማ አውልቆ፣ ተንበርክኮ፣ አንድ በአንድ አጠለቀለት። ባዘዘው የጠራው ባጃጅ ደረሰ።

ይህ ከሆነ አምስት ወሩ ነው። ጎደፋ ይተኛል፤ ራሱ ይታጠባል፤ ክኒኑን ጠበል ጠጥቶ ይውጣል፣ ሁለቱም አልተጣሉም። ሰንሰለት የለም፤ በየሁለት ሳምንቱ ተቋሙ ሄዶ ያወራል፣ ይሰሙታል። ሐኪሟ ግን ለኣቦይ ኣረፋይነ አልደበቀቻቸውም፤ በመጀመሪያው ዓመት ቢመጣ ኖሮ ብዙው ይተርፍ ነበር አለቻቸው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መስመር ማስመር አይችልም፤ ትምህርቱ ቀርቷል። በሽታን መደበቅ የሚያተርፈው ይህንን ነው፤ ሕመሙ ሳይቀንስ ዕድሜው ይቀንሳል። በጊዜው የሚወስድ ግን ልጁን ሙሉውን ይዞ ይመለሳል።

ኣቦይ ኣረፋይነ ከልጃቸው ጋር በሄዱ ቁጥር የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከመዝገብ ክፍሉ በር ደርሶ ለመመለስ የሚያመነታ አባት ወይም እናት አይጠፋም። አጠገባቸው ያስቀምጡና ታሪካቸውን ይነግሩታል፣ ምንም ሳይጨምሩ። ሲጨርሱ ማንም አይስቅም። አንዳንዱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ እንባውን ጠርጎ የልጁን ስም ያስመዘግባል።