ወንድሜ ስላጎረሰኝ ፍትፍት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዋጋዬ ደሴ ውዱ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ እንጅባራ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡15 ሰዓት
ተጠርጣሪ፦ አቶ ይኸነው ደሴ ውዱ (የምስክሯ ታላቅ ወንድም)

እኔ ምስክር በሕመም ምክንያት ጣቢያ መቅረብ ስላልቻልኩ መርማሪው ቤቴ ድረስ መጥተው ሲጠይቁኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ክብደቴ አንድ መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃር ሲያሠቃየኝ ኖሯል፤ የበላሁት ጉሮሮዬ ድረስ እየተመለሰ ስለሚያቃጥለኝ ትራስ ተደግፌ ተቀምጬ ነበር የማድረው። ሐኪሙም ጎረቤቱም "ቀንሺ" ይለኛል፤ መስማቱ ራሱ ሰልችቶኛል። በመጨረሻ ጥር 9 ቀን ባሕር ዳር ከተማ ሆዴ ሳይቀደድ፣ በአምስት ትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ጨጓራዬ እንዲያንስ ተደርጎ ከአንጀቴ ጋር ተቀጠለ፤ ለቃሩም ለውፍረቱም ይበጃል ተብዬ ነው። ስወጣ ሐኪሙ ስፌቱ እስኪጠና ለሁለት ሳምንት ከፈሳሽ በቀር ምንም እንዳልቀምስ አስጠንቅቆኛል።

እሑድ ጥር 18 ቀን ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ ወንድሜ ይኸነው ከዘንገና ሊጠይቀኝ መጣ። ገበሬ ነው፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ቁስሉን አሳዪኝ ቢለኝ ገልጬ አሳየሁት። "ይኼማ እሾህ የወጋው ነው እንጂ ኦፕራሲዮንም አይደል። አታለውሻል" አለኝ። ባለቤቱ የሠራችልኝን ዶሮ ፍትፍት ከአገልግሉ አውጥቶ አጎረሰኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመኝ፤ ሦስተኛም አከለበት። ሁሉንም ዋጥኩ።

በዚህ መሃል ቁስሌን የምታጥብልኝ ነርስ ቤተል ዮናዳብ ከቸርች ስትመለስ ገባች። "ጋሼ፣ ሊገድሏት ነው እንዴ?" ብላ አገልግሉን ከእጁ ነጥቃ ደጅ ወረወረችው። ወንድሜ "ከታማሚ አፍ እህል ይነጠቃል?" ብሎ በያዘው ዱላ ግራ ክንዷን ሁለት ጊዜ መታት። ሲመታት በዓይኔ አይቻለሁ። ክንዷ መሰበሩን የሰማሁት በኋላ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሆዴን ይወጋኝና ያስመልሰኝ ጀመር። በባጃጅ ከዚያም በአምቡላንስ ተወሰድኩ። ስፌቱ ተከፍቶ ስለነበር እንደገና ተሠርቶልኝ አሥራ ሰባት ቀን ተኝቻለሁ።

ትላንት ሽማግሌዎች መጥተው "ልጅቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው በይ፤ ወንድም አይተካም" አሉኝ። ነገር ግን አልወደቀችም። የተመታችው እኔን ልታድን ብላ ነው፤ በዚህም በጣም አፍራለሁ።

መርማሪው ወንድሜ ምግብ መከልከሌን እያወቀ አብልቶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። በራሱ ቃል "አዎ፣ አውቄ ነው ያበላኋት" ማለቱንም ነገሩኝ። ይህ ሐሰት ነው። ከማጉረሱ በፊት በአገውኛ "ሐኪሙ እህል ከልክሎሻል?" ብሎ ጠይቆኛል። እኔ "አልከለከለኝም" አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ ስጠየቅ የምመልሰው ይህን ነው፦ ርቦኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ አትብዪ ሲለኝ በኖረበት ዕድሜዬ ብዪ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ያን እጅ መመለስ አቃተኝ። እኔን ውሸታም እንዳያሰኘኝ ብሎ የእኔን ጥፋት በራሱ ላይ አድርጎ ታስሯል። ስለ ዱላው ይጠየቅ፤ ስለ ጉርሻው የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ወንድሜን የሚያስቀጣውንም እኔን የሚያሳፍረውንም ሳላስቀር የተናገርኩት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዋጋዬ ደሴ
ቃል የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ትዕዛዙ አትክልት