ሙሴ ጋርቢስ በድንጋይ ጀርባ የጻፉት

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዓቢይ፣ ክቡራትና ክቡራን የእብነ በረድ ቤታችን ሠራተኞች፣ አካም ጅርቱ? ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ያሰናዳችሁልኝን፣ በተለይ ኤልሳቤትንና ሲላስን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስጦታውንም አይቼዋለሁ። ግን በወረቀት ተጠቅልሏል። ዕድሜዋን ንብረት ክፍል የጨረሰች ሴት ሳትከፍት ትረከባለች ብላችሁ ነው?

ድንቅቱ ተጠራጣሪ ናት ትላላችሁ። አልክድም። አሁን ደግሞ ጊዜው ተለውጧል፣ የታሰረው ተፈቷል፣ እንዳሻችሁ ተናገሩ ይባላል። ደስ ይላል። እኔ ግን ገና እያየሁ ነው። ዛሬ የተነሣሁትም ስለ ራሴ ላወራ ሳይሆን ስለ ሙሴ ጋርቢስ ልነግራችሁ ነው።

አዲስ የገባችሁ ልጆች አታውቋቸውም። አምና ያረፉት ሙሴ ጋርቢስ አዲስ አበባ ተወልደው እዚህ ቡራዩ ያረጁ አርመናዊ ነበሩ። ሥራቸው የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም መቅረጽ ነበር። ገጣሚም ነበሩ። መጽሐፋቸው የታለ? የለም። በአርመንኛ የጻፉትን እዚህ ማን ያነብላቸዋል? ግጥማቸውን የሚቀርጹት በድንጋዩ ጀርባ ነበር፤ ሲሚንቶ ተቀብቶ ሐውልቱ ላይ በሚለጠፈው፣ ማንም በማያየው በኩል። ሰበታ ሂዱ፣ ሱሉልታ ሂዱ፣ በእሳቸው እጅ ያለፈ ድንጋይ ሁሉ ጀርባው ተጽፎበታል።

እኔ ታዲያ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ድግምት ነው አልኩ። ጠየቅኋቸውም።

"ሙሴ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ጸሎት ነው፣ ድንቅቱ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ጸሎት ከሆነ ለምን ይደበቃል? አልተዋጠልኝም።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ግርግር መጣ። ያን ጊዜ ሜትር ይዞ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ መሬት ሊወስድ የመጣ ይመስል ነበር። በዚያው ሰሞን የጥበቃችን የኦቦ በንቲ ልጅ፣ ዋቅጅራ፣ ሞተ። ድንጋዩ ላይ "በድንገተኛ ሕመም" ተብሎ ተቀረጸ። ምን ሕመም ብሎ የጠየቀ ነበር? ማንም። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሥራችንን ቀጠልን።

ድንጋዩን ወደ ሱሉልታ ስንወስድ ሲላስ ይነዳል፣ ሙሴ መሐል ተቀምጠዋል፣ እኔ በበሩ በኩል ነኝ። ንብረት ያለ እኔ ከግቢ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ዘግተውታል። ሸራውን ገለጡ፣ የጫንነውን ገለበጡ፣ ያን ፊደል አዩ።

"ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው?" አለ አንዱ።

"የመሬት ምልክት ነው! ሊተክሉት ነው!" አለ ሌላው።

ሲላስ "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ይላል። እኔ ክብሪት የያዘ ልጅ አየሁ። ሙሴ ጋርቢስ ባርኔጣቸውን አውልቀው እኔን አልፈው ወረዱ።

"ልጆቼ፣ የመቃብር ድንጋይ ነው። በአባቴ ቋንቋ 'ነፍስ ይማር' ነው የሚለው።"

"ይማላሉ፣ አባባ?"

"በእናቴ!"

ልጆቹ ድንጋዩን መልሰው ገልብጠው ከፊቱ ያለውን ስም አነበቡ። ያውቁታል። ከዚያ ተረዳድተው ራሳቸው ጫኑልን።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። "ነፍስ ይማር" ሁለት ቃል ነው። ይሄ ድንጋይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሞልቷል! መቃብሩ ቦታ ስንደርስ፣ ሲሚንቶ ሳይነካው በስልኬ አነሣሁት።

ፎቶውን አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኖሩ አንዲት አርመናዊት አሮጊት ወሰድኩላቸው። አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። የነገሩኝን አላመንኩም፤ ሌላ አርመናዊ ፈልጌ አስነበብኩ። እሱም ያንኑ ነገረኝ።

ተመልሼ ሙሴን ያዝኳቸው። "ለምን ዋሹ? እነዚያ እኮ የሟቹ ጓደኞች ናቸው።"

"ከመሐላቸው ማን ለማን እንደሚያወራ ታውቂያለሽ? በንቲ ሌላም ልጅ አለው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ እኔ ብቻ መስሎኝ!

ያን ቀን ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ከአገራቸው ሲሰደዱ የአባታቸው እናት መንገድ ላይ ሞተው ቀሩ። መቃብር የላቸውም፤ እንዴት እንደሞቱም የተጻፈ ነገር የለም። "ፊቱን ቤተሰቡ የፈለገውን ያስጽፍ" አሉኝ። "ጀርባው ላይ እኔ ሰውየው እንዴት እንደኖረና እንዴት እንደሞተ እጽፋለሁ። አንድ ቀን የሚያነብ ይመጣል።" ሳልወድ አለቀስኩ። እሳቸው ሲያርፉ ቀራጩ ሀሰኖ ድንጋያቸውን አሳምሮ ሠራ፤ ጀርባው ግን ባዶ ነው። በዚያ ፊደል የሚጽፍላቸው ሰው ከየት ይመጣል?

እስካሁን ዝም ያልኩት ለኦቦ በንቲ ፈርቼ ነው። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ለብቻቸው አግኝቼ ነገርኳቸው። "ዱጋ፣ እውነቱ ነው። በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ይነበብ" አሉኝ። ሀሰኖንም አዲስ ድንጋይ አዝዘውታል፤ አሁን ጽሑፉ ከፊት ይሆናል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማኝን ሰው ሁሉ አምናለሁ? አላምንም። ግን አነባለሁ።

"ዋቅጅራ እባላለሁ፤ አልታመምሁም።
ዳቦ ይዤ ወደ ቤቴ ስገባ ከኋላ ተኮሱብኝ።
ይህን ያነበብህ ሰው፣ ከእንግዲህ አላየሁም አትበል።"

ኦቦ በንቲ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሙሴ ጋርቢስን ነፍሳቸውን ይማር። እናንተንም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ እጃችሁ አይዛል። የወጡ ልጆቻችሁን በሰላም ወደ ቤት ያስገባላችሁ።