ባና ሉኮንዴና ከሰፈሩ በላይ ያለው የውሃ ታንከር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሉዋንሻ ልጆች፣ ከቅርብም ከሩቅም ልትሸኙ የመጣችሁ ሁሉ፤ እግዜር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

ባና ሉኮንዴ ሁለት ዓመት ታመሙ። ያ ስቃይ አበቃ። ልጃቸው ሉኮንዴ ዛሬ ጠዋት፣ "እናቴ አረፈች፤ እኔም ተነፈስኩ" አለኝ። አይፈር። እኔም ተንፍሻለሁ።

ማን ነበሩ? ዝገት ብረትን ምን ያህል እየበላው እንደሆነ በኤሌክትሪክ የሚለኩ ሴት ነበሩ። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ቶሎ ልጨርስ ብዬ የመለኪያ መሣሪያውን ቮልቴጅ እስከ ዳር አዞርኩት። እጄን ያዙኝ። "አንተ፣ ሰውን ደህና አደርክ የምትለው እንዲህ እየጮህክ ነው? ብረቱን በትንሹ ስትገፋው ከረንቱ፣ በበዛ ቁጥር ዝገቱ በዛ የሚያሰኘን ፍሰት፣ በልኩ ይመልስልሃል፤ እጥፍ ብትገፋ እጥፍ። አብዝተህ ከገፋኸው ግን ልኩን ይስታል። ትንሽ ስትጨምር እሱ አሥር እጥፍ ይሆንብሃል።"

የታንከሩን ዓመት ታስታውሳላችሁ? ኢንጂነር ሙኩካ ከዋና ከተማ መጥቶ ከሰፈራችሁ በላይ ያለውን የውሃ ታንከር ለካ። "ዝገት ጨርሶታል፤ ዓመት አይቆይም" አለ። ስልሳ ቤት ይነሳ ተባለ። በሩን ያልነቀለ ማን ነበር? ባ ሙሶንዳ፣ እርስዎ ዶሮዎችዎን ሸጠው አልነበር?

ባና ሉኮንዴ ወደ ታንከሩ ወጡ። መሣሪያውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። አምስት ሚሊቮልት ገፉ፤ ከረንቱ ትንሽ ነበር። አሥር ገፉ፤ ልክ እጥፍ ሆነ። በመጨረሻ፣ ሙኩካ እንዳደረገው፣ ሁለት መቶ ገፉ። ከረንቱ ጋለበ።

"ልጄ" አሉት ሙኩካን፣ "ይህ ግልቢያ በልክ የመጣ መስሎህ አሰላኸው። የለካኸው ዝገቱን አይደለም፤ የራስህን ግፊት ነው።"

"ቢሳሳቱስ?" አላቸው።

"ያኔ እኔም ከታች ነኝ።"

ዕቃቸውን ጭነው ታንከሩ ሥር ቤት ተከራዩ።

የታንከሩ ውሃ ወጥቶ የግድግዳው ውፍረት እስኪለካ ስድስት ሳምንት ጠበቅን። አልፈሩም? ፈርተው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ፣ የጠቀለሉትን የበቆሎ ገንፎ፣ ንሺማ፣ እንደያዙ፣ "ከተሳሳትኩ የሰፈሩን ልጆች እናቶች ምን እላቸዋለሁ?" አሉኝ።

ግድግዳው ተለካ። ውፍረቱ እንደተሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ቁጥሩን ያነበበው ሙኩካ ራሱ ነው። "እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አላቸው። አልፎከሩበትም። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ አለቀሱ። ከዚያ፣ "የሚቀጥለውን አብረን እንለካለን" አሉት። ይኸው፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ሙኩካ ነው።

ባና ሉኮንዴ፣ ሕመሙ ለቆዎታል፤ እኛም እንልቀቅዎት። በደህና ይሂዱ፣ እናታችን።