የግራ እጃቸው ጎን

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ፀሐዩን ታግሣችሁ በዚህ ቅጥር ግቢ ከእኛ ጋር ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን። የሟችን ዜና ሕይወት እንዲያነብ የታሰበው ታናሽ ወንድማቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ያዘጋጀው ጽሑፍ የመጀመሪያዋን ባለቤታቸውን በሁለት ገጽ አወድሶ እኔን በአንድ መስመር ያለፈኝ በመሆኑ፣ ወረቀቱን ተቀብዬ እንደገና የጻፍሁትም የማነብላችሁም እኔ ሁለተኛዋ ባለቤታቸው ነኝ።

ባለቤቴ ከእንጨት ሰንጣቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ በክፍል ውስጥ በወንበራቸው ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ወንበሩን ገልብጠው ሲጠግኑ ይውሉ እንደነበር አስተማሪያቸው እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር። አባታቸው ሲታመሙም ትምህርቱን ትተው አናጢ ቤት ተቀጠሩ።

ሙያውን ከተካኑ በኋላ የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፍተው በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ የሬሳ ሣጥን ወደ መሥራቱ አዘነበሉ። የእርሳቸው ሣጥን ከሌላው የሚለየው ክዳኑ በብረት ሚስማር የማይመታ በመሆኑ ነው፤ ራሳቸው በጠረቧት ቀጭን የእንጨት ሚስማር ብቻ ያያይዙት ነበር። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ የሚነሣን ሰው ማስቸገር ደግ አይደለም ይሉ ነበር። አንድ ነጋዴ ለአማቱ ሣጥን ሊያዝ መጥቶ፣ ለእርሷ እንኳ በብረት ይሁንልኝ ብሎ ቢለምናቸው ፍንክች አላሉም። ትንሣኤ ሙታንን እንደ ነገ ጠዋት ቀጠሮ ይጠብቁት ነበር፤ ያውም በሥጋ፣ በዚሁ በምናውቀው እጅና እግር።

የመጀመሪያ ባለቤታቸውን ያገቡት ሥራ ቤቱን በከፈቱ ሰሞን ነው። ቆንጆ እንደነበረች ሰው ሁሉ ነግሮኛል፤ ማንንም ሳልጠይቅ ነግሮኛል። ስትሞት ዕድሜዋ ትልቋ ልጄ ዛሬ ካላት ያነሰ ስለነበር አንቱ ሳልላት ብቀር አትታዘቡኝ። አንድ ወንድ ልጅ ከወለዱ በኋላ፣ የመሰንጠቂያው ማሽን የባለቤቴን የግራ እጅ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿንና የቀለበቷን ጣት፣ ከነቀለበቷ ቆረጣቸው። ሐኪሞች መልሰው ሊገጥሟቸው ባለመቻላቸው፣ እርሷ ጣቶቹን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልላ፣ የባሏ ሠራተኞች በሠሩላት ትንሽዬ ሣጥን አድርጋ፣ በትንሣኤ ቀን የት እንዳሉ ይታወቅ ብላ እዚሁ ቅጥር ግቢ አስቀበረቻቸው። ባለቤቴ ጋሼ ባለ ሦስት የሚባል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው። ጥቂት ቆይታም እርሷ ራሷ ታመመችና፣ ከጣቶቹ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ ተናዝዛ አረፈች። ሰው ይህን ፍቅር ይለዋል፤ እኔ ብልጠት እለዋለሁ። ይኸው ስንት ዘመን የባሏን ጣት ከነቀለበቱ ይዛ ተኝታለች።

እኔን ያወቁኝ ለአባቴ ሣጥን ላዝ ወደ ሥራ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ ነው። ከዓመት በኋላ ስንጋባ ቀለበቴን በመሐል ጣታቸው አጠለቅሁ፤ ሌላ ቦታ አልነበረማ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደን አሳደግን። ያ ባለ ሦስት ጣት እጅ ሕፃን አጥቧል፣ የልጆቹን የልብስ ቁልፍ ቆልፏል፣ ወገቤን ሲያመኝ የእኔን ፀጉር ጎንጉኗል። ጎደሎ ነው የሚለውን ሰው አልወድም፤ ለእኔ ምንም አልጎደለበትም።

ቅናቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁም ዛሬ ዕወቁ። ለንስሐ አባታችን፣ ሙታን ሲነሡ ባለቤቴ የማናችን ናቸው ብዬ ብጠይቃቸው፣ በዚያ ማግባትና መጋባት የለም አሉኝ። መተዋወቅስ አለ ወይ ስላቸው ግን አለ አሉ። እኔንም የቆረቆረኝ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ በሙሉ አካልና በጎልማሳነቱ ይነሣል ከተባለ፣ ፀጉሩ ያልሸበተውን፣ አሥር ጣት ያለውን ያን ሰው እኔ ከየት አውቀዋለሁ? የምታውቀው እርሷ ናት፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ ከጎናቸው ሆና ጣታቸውን የምታቀብላቸውም እርሷ ናት። ይህን ለባለቤቴ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁና፣ አንቺ ሞኝ፣ ጌታ እንኳ ሲነሣ የእጁን ቁስል ምልክት መች ተወው፣ አሉኝ።

ሳሉ ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቃቸውም። የዘመናት የእንጨት ብናኝ ሳንባቸውን ስለጎዳው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ በዚያው በግራ እጃቸው እጄን ይዘው፣ ትናንት ማለዳ በቤታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ጉድጓዱን በእናቱ በስተቀኝ አስጀምሮ አገኘሁት። እትዬ፣ ግራ እጃቸው ወደ እማዬ ሲሆን ለጣቶቹ ይቀርባል፣ ቢለኝ፣ ልጄ፣ መቃብር የሚከፍት አምላክ ሁለት ጣት ማሻገር ያቅተዋል ብለህ ነው አልሁት። እርሱም እውነትዎን ነው ብሎ ራሱ አካፋውን ተቀበለ። ጉድጓዱ በእናቱ በስተግራ ተቆፈረ፤ ቀኝ እጃቸው ወደ እርሷ፣ ግራ እጃቸው ለእኔ ወደተተወው ባዶ ቦታ ይሆናል። ክዳኑንም ይኸው ልጃቸው በእንጨት ሚስማር ዘግቶታል።

ባለቤቴ የአንድ ወንድና የሁለት ሴቶች ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ ታናሽ ወንድማቸውንና እኔንም ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሥጋቸውንም በቀጠሮው ቀን ያስነሣልን። ያን ቀን ሁለቱን ጣቶች ይመልስላቸው፣ እኔ አልከለክልም። ጠባሳውን ግን ይተውልኝ፤ በእርሱ ነው የማውቃቸው።